ከመጠለያ ቤት የተሠራ ችቦ

ችቦ ይዞ በነፋስ መሀል የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ መለኮሱ ቀላል ነው፣ ጭንቁ እንዳይጠፋ መጠበቁ ነው። የኦሊምፒክ ችቦ ነዳፊዎችም እሳቱ በቅብብሎሽ መጓዝ ከጀመረበት ከ1936 እ.ኤ.አ. የበርሊን ውድድር ወዲህ የሚታገሉት ከዚሁ ጋር ነው።

እሳቱ እንዲጎላ ብለው ያበዙትም አሉ። በ1956 ሜልቦርን ላይ የ19 ዓመቱ ሯጭ ሮን ክላርክ ወደ ስታዲየም ይዞ የገባው ችቦ ማግኒዥየም ነበረበት። ብርሃኑ ደምቆ ታየ፤ ፍንጣሪው ግን የልጁን ክንድ አቃጠለው። በ2013 ደግሞ ለሶቺ የተዘጋጀው ችቦ ገና ሞስኮ ክሬምሊን እንደደረሰ ጠፋ፤ አንድ ጠባቂ ላይተር አውጥቶ ለኮሰው። ኦሊምፒያ ላይ በፀሐይ ጨረር የተቀጣጠለን እሳት በላይተር መተካት ያሳዝናል።

ለንደኖች ለ2012 ውድድር የክብደቱንና የሙቀቱን ነገር በደንብ አስበውበታል። ኤድዋርድ ባርበርና ጄይ ኦስገርቢ የነደፉት ችቦ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 800 ግራም ነው። አካሉ ላይ 8,000 ክብ ቀዳዳዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ችቦ ተሸካሚ አንድ ቀዳዳ መሆኑ ነው። ቀዳዳዎቹ ለጌጥ ብቻ አልተበሱም። ችቦውን ያቀሉታል፣ ሙቀቱም ወደ ያዡ እጅ እንዳይወርድ ያደርጋሉ።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ለቶኪዮ 2020 የተሠራው ነው። ነዳፊው ቶኩጂን ዮሺዮካ ሐሳቡን ያገኘው በ2011 የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ በተጎዳው አካባቢ ያሉ ሕፃናት ከሣሉት የቼሪ አበባ ነው። ችቦውን ከአናቱ ቁልቁል ሲያዩት አምስት ቅጠል ያለው አበባ ነው፤ ከየቅጠሉ የሚወጣው ነበልባል መሀል ላይ ተገናኝቶ አንድ ይሆናል። መገጣጠሚያ የሚባል ነገር የለውም። የሺንካንሰን ባቡር አካል በሚሠራበት ዘዴ፣ አልሙኒየሙን በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በኃይል ገፍተው ነው ያወጡት።

ከአልሙኒየሙ 30 በመቶ ያህሉ የመጣው በዚያው አደጋ ቤታቸውን ያጡ ሰዎች ከተጠለሉባቸው ጊዜያዊ ቤቶች ነው። ሌላ አገር ተረፈ ብረት ብሎ የሚጥለውን ጃፓኖች የሐዘናቸው ምስክር አድርገው ከፍ አደረጉት። የችቦ ንድፍ ከዚህ የተሻለ ነገር ሲናገር አላየሁም።

የኮሮና ወረርሽኝ የችቦውን ጉዞ አንድ ዓመት አዘገየው። መጋቢት 25 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ፉኩሺማ ውስጥ፣ ሱናሚው ያስከተለውን የኑክሌር አደጋ ለመቆጣጠር የተሰማሩ ሠራተኞች ሰፍረውበት ከነበረው ጄ-ቪሌጅ ችቦው ተነሣ። መጀመሪያ የያዙትም በዚያው በ2011 የዓለም ዋንጫን ያነሡት የጃፓን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አባላት ናቸው።