«ቤቱን ይልቀቁ»፤ ኢቫኩዌሽን ስለሚባለው ቃል አፈታት

ባለፈው ክረምት በወንዝ ዳር የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ጎረቤቴ እኔ ወዳለሁበት የፍርድ ቤት ጽሕፈት ክፍል እያለከለኩ መጡ። ወንዙ ሞልቶ ስለ ነበረ የወረዳው ሰዎች «ቤቱን ይልቀቁ» ብለዋቸው ኖሮ፥ «ልጄ፥ ከሳሼ ማን ነው? ፍርዱስ መቼ ተፈረደ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ባልቴቲቱ አልተሳሳቱም። በችሎት የምንጽፈው «ማስለቀቅ» ያለ መብት የተቀመጠን ሰው በፍርድ ኃይል ማስወጣት ነው፤ የወጣውም ሰው ተመልሶ አይገባም። እንግሊዞች ኢቫኩዌሽን የሚሉት ግን ሰውን ከአደጋ ለማዳን ከስፍራው ማውጣት ስለሆነ፥ ሰውየው በቤቱ ላይ ያለው መብት በዚያው አይሻርም።

የቃሉ ሥር ሮማይስጥ ሲሆን ፍችው «ባዶ ማድረግ» ነው። ስለዚህ በጥንቱ አነጋገር ባዶ የሚሆነው ስፍራው እንጂ ሰው አይደለም። ሐኪሞችም ሆድን ስለ ማጽዳት ይናገሩበታል፤ በዚህ አፈታት አባቶቻችን ኮሶ በጠጡ ቁጥር ኢቫኩዌሽን አድርገዋል ማለት ነው!

ለሰው መነገሩ እጅግ የተስፋፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። እንግሊዞች እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከመስከረም 1 ቀን 1939 ጀምሮ በጥቂት ቀኖች ውስጥ 1,500,000 ያህል ሰው፥ ይልቁንም ሕፃናትን፥ ከታላላቅ ከተሞች ወደ ገጠር ላኩ። ሕፃናቱ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት በልብሳቸው ላይ ተንጠልጥሎ፥ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ይዘው ሄዱ። የተፈራው ቦምብ ወዲያው ባለመውደቁ ብዙዎቹን ወላጆቻቸው በጥቂት ወራት ውስጥ መለሷቸው። መመለስ የሚሉት ነገር ባይኖርበት ኖሮ የትኛዋ እናት ልጇን ለማታውቀው ሰው አደራ ትሰጥ ነበር?

በአገራችንም በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ በተንቀጠቀጠ ጊዜ፥ መንግሥት 80,000 ያህል ሕዝብ ወደ ሌላ ስፍራ ለማዛወር መነሣቱን አስታወቀ። በዚያ የሚኖረው አርብቶ አደር ጎጆውን በግመል ሊጭን ይችላል፤ ግጦሹን ግን አይጭነውም። «መቼ እንመለሳለን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? «ማዛወር» ለሹመኛ ይስማማል፤ «ማፈናቀል» በደል አለበት፤ «ማሸሽ» ይቀርባል፥ ዳሩ ግን ባለ ዕዳም ንብረቱን ያሸሻል። እኔ «ለጊዜው ከአደጋ ማውጣት» ማለትን እመርጣለሁ፤ ቢረዝምም አያስደነግጥም።

ለባልቴቲቱም «ከሳሽ የለብዎትም፤ ውኃው እስኪጎድል ይውጡ ነው የተባሉት» አልኋቸው። ወደ ቤታቸው ተመልሰው በራቸውን ቆለፉ፤ ቁልፉን በመቀነታቸው ቋጥረው ዶሮዎቻቸውን አቅፈው ወጡ።