የኋላ ጎማ ሲጫወት መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰውን ቦታ እንፈልግ



ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ ላይ፣ ከእኛ በፊት የተመረቀ አንድ ወንድም ሞተር ሳይክሉን ይዞ ግቢ መጣ። ሞተሩ ቢኤምደብሊው አር 1150 ጂኤስ ነው። አሮጌ ቢሆንም በደንብ ተይዟል፤ ወንድማችን በኮረኮንች መንገድ ከወረዳ ወረዳ የሚዞርበት የሥራ መሣሪያው ነው። «ኩርባ ላይ ኋላው ይወላገዳል። ጋራዥ ብወስደው ዲፈረንሻሉ ሙሉ በሙሉ ይቀየር አሉኝ» አለን። የተጠየቀው ገንዘብ የብዙ ወር ደመወዙ ነው፤ ዕቃውም ከውጭ የሚመጣ ነው። ሜካኒካል ምህንድስና የምንማር አምስት ልጆች ከጁሙዓ በኋላ ተሰባስበን አየነው። አብዛኞቻችሁ እንዲህ ያለ ሞተር ባይኖራችሁም አፈላለጉ ለሌላውም ስለሚጠቅም ልናካፍላችሁ ወደድን።

መንገድ ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ሞተሮች የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሱት በካቴና ነው። ይኼኛው ካቴና የለውም። ከካምቢዮው የሚወጣ የብረት ዘንግ በኋላው ክንድ ውስጥ ተደብቆ ያልፋል፤ ጎማው ጋ ሲደርስም በማርሽ ጥርሶች አማካይነት ኃይሉ ዘጠና ዲግሪ ታጥፎ ጎማውን ያዞራል። እነዚህን ጥርሶች የያዘውን የአሉሚኒየም ቤት ነው መካኒኮች ዲፈረንሻል የሚሉት። ኃይል የሚያካፍልለት ሁለተኛ ጎማ ስለሌለ እውነተኛ ዲፈረንሻል አይደለም፤ ግን ሁሉም እንዲህ ስለሚጠራው እኛም እንቀጥልበት።

ጎማው የተያዘው በአንድ ወገን ብቻ ነው። በአራት ቡሎን ከዲፈረንሻሉ ጋር ይታሰራል፤ ክብደቱን የሚሸከመው በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ ኩሽኔታ ነው። ዲፈረንሻሉ ራሱ ደግሞ ከክንዱ ጫፍ ጋር የተገናኘው ግራና ቀኝ በገቡ ሁለት ትንንሽ ኩሽኔታዎች ላይ ሲሆን እንደ በር ማጠፊያ ወደ ላይና ወደ ታች ይታጠፋል። ካምፓኒው ይህን አሠራር ፓራሌቨር ይለዋል፤ ጂኤስ በሚባሉት ሞተሮቹ ላይ ያመጣው በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው። ዘንግ ያለው ሞተር ነዳጅ ሲሰጠው ኋላው ወደ ላይ ብድግ የማለት ጠባይ አለው፤ ማጠፊያው የመጣው ያንን ለመቀነስ ነው። ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ግን የሚያልቅ ዕቃ ጨመረ።

እንግዲህ ጎማው የሚላላባቸው ቦታዎች አራት ናቸው፦ የጎማው ቡሎኖች፣ ትልቁ ኩሽኔታ፣ ሁለቱ የማጠፊያ ኩሽኔታዎች፣ እንዲሁም ክንዱ ከፊት ከካምቢዮው ጋር የሚያያዝበት ቦታ። ጎማውን ይዘን ስንወዘውዘው አራቱም እጃችን ላይ ተመሳሳይ ስሜት ይሰጣሉ። የጋራዡም ስህተት ከዚህ የመጣ ይመስለናል፤ ጎማው መጫወቱን አየ፣ የት እንደሚጫወት ግን አላየም።

ሞተሩን በመሐል ማቆሚያው አቆምነውና መጀመሪያ ቡሎኖቹን ፈተሽን። መመሪያው 105 ኒውተን ሜትር ይላል፤ አራቱም ጠብቀዋል። ይህን ቀላል ነገር ዘሎ ዲፈረንሻል የሚፈታ ሰው ስላለ ነው የምንጠቅሰው።

አንዱ ልጅ ማርሽ አስገብቶ ጎማውን ወደፊትና ወደኋላ ሲያሽከረክረው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰምቶ «ይኸው ተገኘ!» አለ። አልተገኘም። በማርሾቹ፣ በዘንጉ ጥርሶችና በክሮቼራዎቹ መካከል ትንሽ ባዶ ቦታ መኖሩ የግድ ነው፤ ያ ድምፅ የእሱ ነው። እኛ የምንፈልገው ጎማው ወደሚዞርበት አቅጣጫ የሚያደርገውን ሳይሆን ወደ ጎን የሚያደርገውን እንቅስቃሴ ነው።

ለዚህ አንድ እጅ ከጎማው ጫፍ ላይ፣ ሌላው ከታች ይሁንና አንዱን እየሳቡ ሌላውን መግፋት ነው። ቀጥሎ ፊትና ኋላውን ይዞ ያንኑ መድገም። ትልቁ ኩሽኔታ ክብ ስለሆነ ካለቀ በሁሉም አቅጣጫ ተመሳሳይ ልልነት ያሳያል። በአንዱ አቅጣጫ ጎልቶ በሌላው ከደከመ ወደ ማጠፊያው መጠርጠር ይሻላል። ግን ጥርጣሬ ብቻ ነው። እርግጠኛ የሚያደርገው ሁለተኛ ሰው ነው፤ አንዱ ጎማውን ሲወዘውዝ ሌላው ጣቱን በሁለት ዕቃዎች መገናኛ ላይ ያሳርፋል። መጀመሪያ ጎማውና ዲፈረንሻሉ በሚገናኙበት፣ ከዚያ ዲፈረንሻሉና ክንዱ በሚገናኙበት፣ በመጨረሻ ክንዱና ካምቢዮው በሚገናኙበት። ጣት ከዓይን የበለጠ ይሰማል።

በእኛው ሞተር ላይ ጎማውና ዲፈረንሻሉ እንደ አንድ ዕቃ አብረው ነበር የሚንቀሳቀሱት። ጣታችን ክፍተት ያገኘው ዲፈረንሻሉና ክንዱ መገናኛ ላይ ነው። ወንድማችን ሞተሩን ለግማሽ ሰዓት ነድቶ ከተመለሰ በኋላም ደገምነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት የበለጠ ስለሚሰፋ፣ ቀዝቅዞ የተደበቀ የትልቁ ኩሽኔታ ልልነት ሲሞቅ ሊወጣ ይችላል። ውጤቱ አልተለወጠም። ከዚያ ሩብ ሊትር የምታህለውን የዲፈረንሻል ዘይት አፍስሰን የማግኔቱን ቡሎን አየን። እንደ ግራሶ የላመ ግራጫ ነገር ብቻ ነው ያለው፤ ይህ የተለመደ ነው። የብረት ቅርፊት ወይም ስባሪ ብናገኝ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

የማጠፊያ ኩሽኔታዎች የሚያልቁት ብዙ ስለዞሩ አይደለም፤ ስለማይዞሩ ነው። ሞተሩ ጉድጓድ በመታ ቁጥር ጥቂት ዲግሪ ብቻ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ግራሶው ከመሐል ይገፋል፣ ሮለሮቹም ሁልጊዜ ያንኑ ቦታ እየመቱ መስመር መስመር ያወጣሉ። የኛዎቹ ሲወጡ ልክ እንደዚያ ነበሩ፤ በጣት ሲዞሩ ቆጥ ቆጥ ይላሉ። ፒኑን ጠበቅ አድርገን እንለፈው ያለም ነበረ። ለሳምንት ልልነቱን ይደብቅ ይሆናል፤ መስመር የወጣበትን ኩሽኔታ ግን አያድነውም።

አፈታቱ ላይ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ፒኖቹ በጠንካራ የቡሎን ማጣበቂያ ነው የታሰሩት። ቦታውን በሙቅ አየር ማሞቂያ እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሳያሞቁ በጉልበት ማዞር የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞ ይወጣል፤ ያኔ በእርግጥም ውድ ዕቃ ይገዛል። ጎማው፣ ፍሬኑና ከታች ያለው የድጋፍ ዘንግ ይፈታሉ፤ ዲፈረንሻሉም እንዳይወድቅ ከሥሩ ይደገፋል። ኩሽኔታ ሲቀየር ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ። ሲገጠም አንደኛው ፒን ቋሚ ነው፤ የሚስተካከለው ሌላኛው በ7 ኒውተን ሜትር ብቻ ይጠብቃል። ይህ በጣም ትንሽ ኃይል ነው፤ በግምት የሚሠራ አይደለም። እኛ በትክክል ካስተካከልነው በኋላ ዳዶውን ስናጠብቅ ፒኑን በብሩጎላ አልያዝነውም ነበርና አብሮ ዞረ። ዲፈረንሻሉ ድርቅ ብሎ አልታጠፍ ሲል ገባንና እንደገና ፈታነው። አንድ ሰዓት ፈጀብን።

ትልቁ ኩሽኔታ ቢሆን ኖሮ ግቢ ውስጥ ባልነካነው ነበር። አዲሱ ሲገባ በቀጫጭን ሮንደላዎች በሚሊሜትር መቶኛ ተለክቶ ነው የሚጠብቀው፤ ያለ መለኪያ መሣሪያ የሠራው ሰው ብዙም ሳይቆይ መልሶ ይፈታዋል። ኩሽኔታው ተሰባብሮ ፓራኦሊዮውን ከበላ ደግሞ ዘይቱ ወደ ጎማውና ወደ ፍሬኑ ይፈሳል፤ ስባሪው ጥርሶቹ መሐል ከገባ ጎማው በሩጫ ላይ ሊቆለፍ ይችላል። በጎማው ውስጠኛ በኩል የዘይት ጭረት ያየ ሰው ሞተሩን ቆሞ ያስጭነው፤ ከኋላ ሰው አፈናጦ ጋራዥ ድረስ አይንዳው። ወንድማችን ወደ እኛ ሲመጣ ታናሽ ወንድሙን ከኋላ አፈናጦ ነበር። የኋላው ችግር ማጠፊያው ላይ መሆኑ በጀው፤ አልሐምዱሊላህ።

በካቴና የሚሄድ ሞተር ያላችሁም ይህንኑ የእጅና የጣት ፍተሻ መሥራት ትችላላችሁ። እዚያ የሚፈተሹት የጎማው መሐል ኩሽኔታዎችና ክንዱ ከፊት የሚታሰርበት ቡሽ ናቸው።

ለሁለቱ ኩሽኔታዎች ወንድማችን የከፈለው ለሙሉ ዲፈረንሻል ከተጠየቀው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። ከወር በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ጎማውን በሁሉም አቅጣጫ ወዘወዝነው፤ ዝም ብሏል። አሮጌዎቹ ኩሽኔታዎች ወርክሾፑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። መስመሮቹን በጣቱ ነክቶ ማየት የሚፈልግ ከዐስር ሶላት በኋላ ብቅ ይበል።