የውድድር ሮቦት እግር፤ አመራረጡና አሠራሩ

ሮቦት የሚለው ቃል ሲነገር ብዙ ሰው የሚያስበው የሰው መልክ ያለውን፣ የሚናገረውንና የሚጨብጠውን መሣሪያ ነው። ተማሪዎች ለውድድር የሚሠሩት ሮቦት ግን አብዛኛውን ጊዜ በጎማ የሚሄድ፣ ከላዩ ክንድ ያለው፣ ዕቃ እያነሣ ከተወሰነለት ስፍራ የሚያደርስ ትንሽ ሠረገላ ነው። ስለ ክንዱና ስለ አእምሮው ብዙ ይወራል፤ ስለ እግሩ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ክንዱ ምንም ያህል ቢያምር፣ እግሩ ከቦታው ካላደረሰው ጥቅም የለውም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የሮቦቱን እግር፣ ይኸውም ሞተሩን፣ ማርሹን፣ ዘንጉንና ጎማውን ነው።

እንዲህ ያለው ውድድር ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ፈርስት ግሎባል የተባለው የዓለም ወጣቶች የሮቦት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ ሲደረግ፣ ከ150 የሚበልጡ አገሮች ቡድኖች ተሰልፈው ነበር። ውድድሩ ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ የቀጠለ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ተማሪዎችም ተካፍለውበታል። የመጀመሪያው ዓመት ጨዋታ ንጹሕና የተበከለ ውሃን የሚወክሉ ኳሶችን እየለዩ መሰብሰብ ነበር። ልብ ልንለው የሚገባው ነገር፣ ቡድኖቹ የተሰጣቸው ዕቃ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ዕቃው አንድ ከሆነ ደግሞ ልዩነትን የሚያመጣው አመራረጥና አገጣጠም ነው ማለት ነው።

ለእኛ ለዳንግላ ተማሪዎች ነገሩ ከዚህም ይጠብቃል። ለሮቦት የሚሆን ሞተር ከገበያችን እንደ ብሎንና እንደ ሽቦ ተፈልጎ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። አንዱ ቢቃጠል ሌላ እስኪመጣ ድረስ የክበቡ የዓመት ሥራ ሊቆም ይችላል። እንግዲህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «ከሁሉ ፈጣኑ የቱ ነው?» ብለን ሳይሆን፣ «እስከ ውድድሩ ፍጻሜ በሕይወት የሚቆየው፣ ቢሰበርም በገዛ እጃችን የምንጠግነው የቱ ነው?» ብለን ነው።

ሀ/ ከጋሪና ከባጃጅ የምንማረው

የፈረስ ጋሪ ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ከውስጠኛው ይልቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ ጎማዎች ለየብቻቸው ስለሚዞሩ ጋሪው ሳይቸገር ይታጠፋል። ባጃጅ ግን ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በአንድ ሞተር ስለሚነዳ፣ ፍጥነታቸውን እንዳስፈላጊነቱ የሚያለያይ ዲፈረንሻል ያስፈልገዋል። የተማሪ ሮቦት ከዚህ ሁሉ ይድናል፤ ለቀኝ ጎኑ አንድ፣ ለግራ ጎኑ አንድ ሞተር ይሰጠዋል። ሁለቱ እኩል ሲዞሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አንዱ ሲዘገይ ወደዘገየው ወገን ይታጠፋል፤ አንዱ ወደፊት፣ ሌላው ወደኋላ ሲዞር ባለበት ይሽከረከራል። መሪ አያስፈልገውም።

ለ/ ፍጥነትና ጉልበት

ማርሽ ጉልበትን ከባዶ አይፈጥርም፤ ፍጥነትን ወስዶ በምትኩ ጉልበትን ይሰጣል። ለምሳሌ ያለ ሸክም በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር ትንሽ ሞተር እንውሰድ። በማርሽ 20 ጊዜ ብናዘገየው ጎማው በደቂቃ 300 ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዲያሜትር 9 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሮቦቱ በደቂቃ 84 ሜትር፣ በሴኮንድ 1.4 ሜትር ይጓዛል። በ20 ፈንታ 40 ጊዜ ብናዘገየው ፍጥነቱ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር በሴኮንድ ይወርዳል፤ የሚገፋበት ኃይል ግን እጥፍ ይሆናል።

ከሁለቱ የትኛውን እንምረጥ? ሮቦቱ ከግድግዳ ወይም ከተቃራኒ ቡድን ሮቦት ጋር ሲጋጠም፣ ወይ ጎማው ይንሸራተታል፣ ወይ ሞተሩ ይቆማል። ጎማው ቢንሸራተት ብዙም ጉዳት የለውም። ሞተሩ ኤሌክትሪክ እየገባበት መዞር ሲያቅተው ግን ኤሌክትሪኩ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ በውስጡ የተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ ሽፋኑ ይቃጠላል። እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፤ ሞተሩ ከመቆሙ በፊት ጎማው መንሸራተት አለበት።

ይህን በቁጥር እንየው። ሮቦቱ 12 ኪሎ ቢመዝን፣ የላስቲክ ጎማዎቹም መሬቱን አጥብቀው ቢይዙ፣ ጎማዎቹን ለማንሸራተት 12 ኪሎ ያህል ግፊት ያስፈልጋል። 20 ጊዜ የዘገየ አንድ ሞተር በጎማው ጠርዝ ላይ ቢበዛ 4.7 ኪሎ ይገፋል እንበል። ሁለት ሞተሮች 9.4 ኪሎ ብቻ ስለሚገፉ ከ12 ያንሳሉ፤ ስለዚህ ቆመው ይቃጠላሉ። አራት ሞተሮች ብናደርግ 18.8 ኪሎ ይሆናል። ነገር ግን ሁለቱን ብቻ 40 ጊዜ ብናዘገያቸውም ያንኑ 18.8 ኪሎ እናገኛለን፤ የቀሩት ሁለቱ ሞተሮች ለመጠባበቂያ ይተርፉናል። ፍጥነታችን በግማሽ ይቀንሳል፤ ሥራችን ግን አይቋረጥም።

ሐ/ የጎማ ምርጫ

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቤንግት ኢሎን የተባለ የስዊድን መሐንዲስ፣ በዙሪያው በ45 ዲግሪ ያዘነበሉ ትናንሽ ተሽከርካሪዎች ያሉበትን ሜካነም የሚባል ጎማ ፈለሰፈ። በዚህ ጎማ የተሠራ ሮቦት ፊቱን ሳያዞር ወደ ጎን እንኳ መሄድ ይችላል። ሆኖም አራቱም ጎማዎች ለየራሳቸው ሞተር ይፈልጋሉ፤ ዋጋቸውም ውድ ነው፤ በግፊያ ጊዜም እንደ ተራ ላስቲክ ጎማ መሬት አይዙም። ለጀማሪ ክበብ ይህን መምረጥ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል። የሚሻለው በአራት ተራ ጎማ መጀመር ሲሆን፣ በየጎኑ ያሉት ሁለት ጎማዎች በካቴና ተያይዘው በአንድ ሞተር ይነዳሉ። እንዲህ ከሆነ የሮቦቱ ክብደት በሙሉ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ያርፋል።

አራት ላስቲክ ጎማ በመታጠፍ ጊዜ በጎኑ መሬቱን ስለሚፍቅ እንቢ ሊል ይችላል። መድኃኒቱ በቀኝና በግራ ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት ከፊትና ከኋላ ጎማዎች ርቀት ማስበለጥ ነው።

መ/ አገጣጠም

1ኛ/ አቃፊው ቀጥ ያለ ይሁን። አናጺ የበር ክፈፍ እንደሚፈትን ሁሉ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያሉትን ሁለቱን ሰያፎች መለካት ነው፤ እኩል ካልሆኑ አቃፊው ተንጋዷል።

2ኛ/ እያንዳንዱ ዘንግ ከጎማው ግራና ቀኝ በሁለት ኩሽኔታ ይያዝ። በአንድ ወገን ብቻ የተያዘ ዘንግ ይጎብጣል።

3ኛ/ በካቴና የሚያያዙት ጥርሶች በአንድ መስመር ይዋሉ። ካቴናው ከላላ ይወልቃል፤ ከተወጠረ ሞተሩን ያደክማል።

4ኛ/ ባትሪው በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ በጎማዎቹ መካከል ይቀመጥ፤ ከፍ ያለ ክብደት ሮቦቱን ይገለብጠዋል።

5ኛ/ ሞተሩ ከመገጠሙ በፊት ጎማዎቹን በእጅ አዙሯቸው። በእጅ የሚከብድ ለሞተርም ይከብዳል።

በመጨረሻ ሮቦቱን ለሁለት ሴኮንድ ያህል ግድግዳ አስገፉት። ጎማው ከተንሸራተተ አመራረጣችሁ ትክክል ነው፤ ካልተንሸራተተ ፈጥናችሁ አጥፉትና ማርሹን አዘግዩ።

ክቡራን ወላጆች፣ ይህ ሥራ ጨዋታ ቢመስልም በፊዚክስ ክፍል የምንማረውን የሰበቃን ሕግ በእጃችን የምንዳስስበት ነው። ባጃጅ የሚጠግን፣ ጋሪ የሚሠራ ወይም አናጺ የሆነ አባት ለልጆቹ ክበብ የሚያስተምረው ብዙ አለው። መምህራኖቻችንም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ካለው የስቴም ማዕከል ጋር ቢያገናኙን ብዙ እንጠቀማለን። እናንተ ጓደኞቼ ደግሞ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት እርሳስና ወረቀት አንሡ፤ በወረቀት ላይ የተቃጠለ ሞተር ምንም አያስከፍልምና።