የውበት መጠበቂያ ምርቶችን የይዘት ዝርዝር እንዴት ማንበብ ይቻላል?

የቆዳ ቅባት ሲገዛ የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፈው በዕቃው ፊት ላይ ባለው ሥዕልና በትልልቁ በተጻፈው ቃል ላይ ነው። ስለ ምርቱ ምንነት የሚናገረው ግን ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የሰፈረው የይዘት ዝርዝር ነው። ስሞቹ በላቲን ፊደል የሚጻፉና ለብዙዎች እንግዳ ቢሆኑም፣ አጻጻፋቸው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ስለሚከተል ጥቂት ነጥቦችን ማወቅ በቂ ነው።

ንጥረ ነገሮች የሚዘረዘሩት ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። በአብዛኞቹ ሎሽኖች ቀዳሚው «አኳ» ማለትም ውኃ ነው። መጠናቸው ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ግን አምራቹ በፈለገው ቅደም ተከተል ሊጻፉ ይችላሉ። እዚህ ላይ «ፊኖክሲኢታኖል» የተባለው ማቆያ ጥሩ ምልክት ይሆናል፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ1 በመቶ ማለፍ ስለማይፈቀድለት፣ ሕጉን ተከትሎ በተመረተ ቅባት ላይ ከእርሱ በኋላ የተጻፈ ሁሉ በጣም ጥቂት ነው። በዕቃው ላይ በጉልህ የተሣለው ማር ወይም አቮካዶ ከዚያ በታች ከተገኘ፣ ገዢው የከፈለው በዋናነት ለሥዕሉ ነው። «ፓርፉም» የሚለው አንድ ቃልም በርካታ የሽቶ ንጥረ ነገሮችን በውስጡ ሊይዝ ስለሚችል፣ ቆዳቸው በቀላሉ የሚቆጣ ሰዎች ቢያስወግዱት ይመረጣል።

ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚያሻው ፊትን ያቀላሉ ተብለው ለሚሸጡ ክሬሞች ነው። በእነዚህ ውስጥ ሦስት ነገሮች ሊገኙ ይችላሉ። የመጀመሪያው ሜርኩሪ ሲሆን በዝርዝሩ ላይ «ካሎሜል» ወይም «ሜርኩሪክ» በሚል ስም ሊሰፍር ይችላል። ሜርኩሪ ኩላሊትንና የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል፤ ክሬሙን ከምትቀባ እናት ቆዳ፣ ከፎጣና ከአንሶላ ወደ ሕፃናትም ይተላለፋል። ብዙ ጊዜ ስሙ ጨርሶ አይጻፍም። ሆኖም «ከወርቅ፣ ከብር ወይም ከአልሙኒየም ጋር እንዳይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያለበት ክሬም ሜርኩሪ እንዳለበት ሊጠረጠር ይገባል። በሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ሜርኩሪ የተጨመረባቸው የውበት መጠበቂያዎች ምርትና ንግድ እስከ እ.ኤ.አ. 2025 እንዲቆም ተወስኗል።

ሁለተኛው «ሃይድሮኪኖን» ነው። ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ሊያነጣ የታሰበውን ቆዳ መልሶ ሰማያዊ ጥቁር ሊያደርገው ይችላል። ሦስተኛው «ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት» ለቆዳ ሕመም በሐኪም የሚታዘዝ ኃይለኛ ስቴሮይድ እንጂ የውበት መጠበቂያ አይደለም። ቆዳን ያሳሳል፣ ሸንተረር ያወጣል። ለወራት ሲጠቀም የቆየ ሰው በድንገት ቢያቋርጥ ፊቱ ሊቀላና ሊያቃጥለው ስለሚችል፣ አወጣጡን ከቆዳ ሐኪም ጋር መወሰን ይኖርበታል።

የይዘት ዝርዝር፣ የአምራች ስምና አድራሻ፣ የምርት መለያ ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ የሌለውን፣ ወይም ከትልቅ ዕቃ ተቀንሶ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠውን ቅባት አለመግዛት ይመከራል። ክዳኑ በተከፈተ ብልቃጥ ምልክት ውስጥ ያለው ቁጥር፣ ለምሳሌ 12፣ ምርቱ ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበትን ወራት ያመለክታል።

የውበት መጠበቂያ ምርቶችን የመቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። አጠራጣሪ ምርት ያጋጠመው ተጠቃሚ በነፃ የስልክ መስመር 8482 ጥቆማ መስጠት ይችላል። ጉዳት የደረሰበት ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲሄድ ዕቃውን ከነክዳኑና ከነማሸጊያው ይዞ ይቅረብ።