ኬትል ወይስ ሻይ ማፍያ ማሽን?

አዲስ አበባ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ አይፈላም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢቆይ በእንፋሎት ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ኬትል ልግዛ ወይስ ሻይ በራሱ የሚያፈላ ማሽን ብሎ የሚያመነታ ሰው ከዋጋውም ከመልኩም በፊት ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ተራው ኬትል የሚያውቀው እንፋሎትን ብቻ ነው። ክዳኑን ከፍተው በእጀታው በኩል ያለውን የውስጥ ግድግዳ ቢያዩ ከላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ያገኛሉ። ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ በእሷ ሾልኮ ከሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቃ ወደተሠራች ስስ ሳህን ይደርሳል። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ እኩል ስለማይለጠጡ ሳህኗ በድንገት ትጎብጥና ማብሪያ ማጥፊያውን ትገፋዋለች፤ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ያን ጊዜ ይሰማል። ክዳኑ ሳይገጠም ሲቀር ኬትሉ አልጠፋ የሚለውም እንፋሎቱ ወደ ላይ ስለሚያመልጥ ነው። በዚህ መንገድ በራሱ የሚጠፋውን ኬትል እ.ኤ.አ. በ1955 ገበያ ላይ ያዋለው ራስል ሆብስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። ዘዴው ዲግሪ ስለማይቆጥር ጅቡቲ ወደብም ሆነ አዲስ አበባ በትክክል ይሠራል። እኔ ከቤት ዕቃዎች ሁሉ እንዲህ በጥቂት ነገር ብዙ የሚሠራ አላየሁም።

ሻይ የሚያፈላው ማሽን ሐሳብ ደግሞ ከዚህም ይቀድማል። የበርሚንግሃሙ ጠመንጃ ሠሪ ፍራንክ ክላርክ በ1902 ያቀረበው ማሽን አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ ነበር። የማንቂያው ሰዓት ሲደርስ ክብሪት ተጭሮ የስፒሪት ምድጃ ይቀጣጠላል፤ ውሃው ሲፈላ ማንቆርቆሪያው ዘንበል ብሎ ወደ በራዱ ይቀዳል፤ ደወሉም ይደውላል። ተኝቶ ለሚነሣ ሰው አጠገቡ እሳት መለኮሱ ያሰጋል። በ1930ዎቹ የመጣው የጎብሊን ኩባንያ «ቲስሜድ» ይህን በኤሌክትሪክ ተካው።

ዛሬ ያለው ማሽን ሌላ ነው። የአውስትራሊያው ብሬቪል የሚሠራውን ብንወስድ፣ ቅጠሉ የሚገባው በወንፊት ቅርጫት ውስጥ ነው። ውሃው የተመረጠው ዲግሪ ላይ ሲደርስ ቅርጫቱ በራሱ ወርዶ ይጠልቃል፤ የተሰጠው ደቂቃ ሲያልቅ ተመልሶ ይወጣል። ቅጠሉ ውሃ ውስጥ ከሚገባው በላይ ሲቆይ ሻይ ይመራል፤ ማሽኑ ዋጋ የሚያወጣው ይህን ስለሚከላከል ነው። አረንጓዴ ሻይም 80 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል፤ በፈላ ውሃ ከተነከረ ጣዕሙ ይበላሻል።

ጥቁር ሻይ ላይ ግን ማሽኑ ደጋ ላይ ብዙ የሚጨምረው ነገር የለም። መቶ የሚለውን ቁልፍ ቢጫኑም ውሃው ከ92 አያልፍም። የውሽውሽን ወይም የጉመሮን ቅጠል በደንብ ለማውጣት የሚያዋጣው በራዱን አስቀድሞ በፈላ ውሃ ማሞቅ፣ ኬትሉ እንደጠፋ ወዲያው መቅዳትና ክዳኑን ገጥሞ አንድ ሁለት ደቂቃ ተጨማሪ መታገሥ ነው። ለዚህ ደግሞ ሰዓት ማየት ይበቃል።

በቀረፋ፣ በቅርንፉድና በሄል የሚፈላው ሻያችን ለሁለቱም አይመችም። ቀረፋ ጣዕሙን የሚለቀው እየተንተከተከ ሲቆይ ነው፤ ኬትል ደግሞ ውሃው እንደፈላ ይጠፋል። ቅመሙን ኬትል ውስጥ መጨመርም ሽታው እንዳይለቅ አድርጎ ማበላሸት ነው። ውሃውን በኬትል አፍልቶ ምድጃ ላይ ወዳለው ቅመም መገልበጥ ግን ጊዜ ይቆጥባል። አንድ ሊትር ውሃ ባለ 2,000 ዋት ኬትል ላይ ሦስት ደቂቃ ገደማ ቢፈጅ ነው፤ የሚበላው ኤሌክትሪክም ከኪሎዋት ሰዓት አንድ አሥረኛ አይበልጥም። መብራቱ ከ220 ወደ 180 ቮልት ሲወርድ የኬትሉ ጉልበት በሲሶ ይቀንሳል፤ ቢዘገይም ሥራውን አያቆምም።

እንደ ድሬዳዋ ውሃው ጨው በሚበዛበት አገር በዕቃው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ኬትል ከሆነ ሎሚ ጨምቆበት ውሃ ማፍላትና ማሳደር ያጸዳዋል። ማሽኑ ግን ቅርጫት፣ ሞተርና የሙቀት መለኪያ ስላለው ጽዳቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አንዱ ከተሰበረም መለዋወጫው በቀላሉ አይገኝም።

ስለዚህ በየቀኑ አረንጓዴና ሌላ ሌላ ቅጠል የሚቀያይር ሰው ማሽኑን ቢገዛ አይጸጸትም። ጥቁር ሻይ ወይም የቅመም ሻይ ለሚጠጣ ቤተሰብ ግን ጥሩ ኬትልና በራድ ይበልጣሉ። ዘመድ ከአሜሪካ ልላክልዎ ካለ ደግሞ ከዕቃው ሥር የተጻፈውን አስነብቡት። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እኛ ሶኬት ላይ ሲሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ስቦ ይቃጠላልና ይቅርብዎ።