«ሥራው ይቀጥል» ያለው ማን ነው?

የጋራዥና የመኪና ባለቤት ክርክር ወደ ቢሮዬ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ወገን የየራሱን እውነት ይዞ ነው የሚመጣው። ጋራዡ ሠርቷል፤ ዕቃ ገዝቷል፤ የሠራተኛ ደመወዝ ከፍሏል። ባለቤቱ ደግሞ ያላዘዘውን ሥራ ሒሳብ ክፈል ተብሏል። በጥብቅና ሥራዬ ያየኋቸው አብዛኞቹ ጠቦች የሚነሡት ከሥራው ጥራት አይደለም። ሥራው መሐል ላይ ሲጨመር ማን ፈቀደ ከሚለው ነው።

ዓይነተኛው ጉዳይ ይህን ይመስላል። አንድ ሚኒባስ ፍሪሲዮን ሊቀየርለት ይገባል፤ ዋጋው በቃል ይቆረጣል። ካምቢዮው ሲወርድ ጥርሱ ተበልቶ ይገኛል። መካኒኩ ይደውላል፦ «ጋሼ፣ ካምቢዮውም አልቋል፣ ምን ይሻላል?» ባለቤቱ መንገድ ላይ ናቸው። «እስቲ እየው፣ ብቻ መኪናው ሥራ እንዳይፈታብኝ» ብለው ስልኩን ይዘጋሉ። መኪናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ሒሳቡ ከተቆረጠው በእጥፍ በልጦ ይጠብቃቸዋል። መካኒኩ ተፈቅዶልኛል ይላል፤ ባለቤቱ እንዲያየው እንጂ እንዲሠራው አላልኩም ይላሉ። የስልክ ጥሪ ዝርዝር ቢቀርብ መደወሉን እንጂ የተባለውን አያሳይም። በዚያ ላይ 15 በመቶው ቫት በተቆረጠው ዋጋ ውስጥ ነበር ወይስ አልነበረም የሚል ሌላ ጠብ ይጨመራል።

ሕጉ እንዲህ ያለው ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን አይልም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው ይላል፤ በቃል የተደረገውም ያስራል። ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ጠንክሯል። ከሶማሌ ተራ የተጠየቀ የመለዋወጫ ዋጋ ዕቃው እስኪገዛ ድረስ ላይቆይ ይችላል፤ የጭማሪውን ዕዳ ማን ይሸከም የሚለውን ግን አስቀድሞ የሚነጋገርበት ሰው ጥቂት ነው።

ባለ ጋራዦች አዘውትረው የሚጠይቁኝ፣ እስኪከፈለኝ መኪናውን ልያዘው ወይ? ብለው ነው። ቁጥር 1757 የራሱን ግዴታ ሳይፈጽም ወይም ለመፈጸም ዝግጁ ሳይሆን ሌላውን ፈጽምልኝ ማለት እንደማይቻል ስለሚደነግግ፣ ሥራውን በውሉ መሠረት የጨረሰ ጋራዥ ክፍያ መጠበቁ መሠረት አለው። አልሰጥም ማለት ግን ልሽጠው ማለት አይደለም። መኪናው በመያዣነት ተሰጥቶት ቢሆን እንኳ፣ ሕጉ ያስቀመጠውን ሥርዓት ሳይከተል ሊሸጠው አይችልም። ከቆመው መኪና ባትሪና ጎማ እየፈታ ለሌላ ደንበኛ የሚገጥም ሰው ደግሞ ከገንዘብ ክርክር ወጥቶ የእምነት ማጉደል ወንጀል ደጃፍ ላይ ይቆማል። ይህን ስናገር ፊታቸው የሚለወጥ አሉ፤ ቢሆንም መናገሬን አልተውም። ተገቢው መንገድ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ ከዚያ መክሰስ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ሕጉ ለዘገየ ገንዘብ በዓመት 9 በመቶ ወለድ ያሰላል።

ለባለቤቶች የምሰጠው ምክር ብዙዎችን አያስደስትም። የተስማማችሁበትን ክፍል ክፈሉ፤ የምትቃወሙትን በጽሑፍ ለዩና መኪናችሁን ለመውሰድ ተደራደሩ። ሚኒባስ በቆመበት ቀን ሁሉ ገቢው ይቀራል፤ ባትሪው ይደክማል፤ ክርክሩ ሲያልቅ የሚገኘው ፍርድ የቀረውን ገቢ ላይተካ ይችላል።

ባለ ጋራዦች፣ መኪና ስትረከቡ በሁለት ቅጂ ጻፉ፦ የታዘዘው ሥራ፣ ዋጋው ከነቫቱ፣ የነዳጁ መጠን፣ ክሪክና ትርፍ ጎማ መኖራቸው፣ ተጨማሪ ሥራ ቢገኝ እስከ ስንት ብር ድረስ ሳይጠየቅ መሥራት እንደሚቻል። ባለቤቶችም ሳትፈርሙ ቁልፍ አትስጡ። መካኒኩ ሲደውል «እየው» ብላችሁ አትዝጉ፤ የተበላሸውን ዕቃ ፎቶና ዋጋውን በቴሌግራም እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ «ይሠራ» ወይም «አይሠራ» ብላችሁ በጽሑፍ መልሱ።