ቁልፍ እምቢ ሲል

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መኪና ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጣርማ በር ብርድ ተነሥቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ሸዋ ሮቢትና ጀውሃ ወደሚገኙበት የይፋት ቆላ ሲወርድ ጉሙን በሙቀትና በአቧራ ይለውጣል። እንዲህ ባለው ስፍራ የመኪና በር ቁልፍ አልዞር ሲል ብዙዎቻችን በሙቀቱ እናላክካለን። ለመሆኑ ጥፋተኛው ሙቀቱ ነውን?

እስቲ እናስላው። በቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ የሚዞረው ሲሊንደር 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ናስ ነው እንበል። ናስ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ የሙቀት ጭማሪ ከራሱ ርዝመት 19 ሚሊዮንኛውን ያህል ይለጠጣል። ሙቀቱ በ25 ዲግሪ ቢጨምር ሲሊንደሩ የሚሰፋው ከ0.005 ሚሊ ሜትር ባነሰ መጠን ነው፤ ያቀፈው ብረትም አብሮት ይሰፋል። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ልትተልቅ ትችላለች። እንግዲህ ዋናው ተጠርጣሪ አቧራው ነው።

በሲሊንደሩ ውስጥ በትናንሽ ሞላዎች የሚገፉ ስስ ብረቶች አሉ። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ሁሉም እኩል ይሰለፋሉ፤ ሲሊንደሩም ይዞራል። በአቧራ ተይዞ አንዱ እንኳ ከሰልፉ ቢቀር ቁልፉ እምቢ ይላል። የሞተር ዘይት ማንጠባጠብ ለጊዜው ያለሰልሳል፤ ዳሩ ግን አዲስ አቧራ ስቦ ጭቃ ይሆናል።

መፍትሔው በተማሪ እጅ ያለ ነው። የምንጽፍበት እርሳስ ውስጡ እርሳስ የተባለው ብረት ሳይሆን ግራፋይትና ሸክላ ነው። ግራፋይት የካርቦን አቶሞች ንብርብር ነው፤ በንብርብሮቹ መካከል ያለው ትስስር ደካማ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ደረቅ በመሆኑም እንደ ዘይት አቧራ አይዝም።

አስቀድመን በሩን ከፍተን ቁልፉን እንሞክር። ያን ጊዜ በቀላሉ ዞሮ በሩ ሲዘጋ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ችግሩ ከበሩ መያዣ ወይም ከበሩ መዛነፍ ነው። ተከፍቶም ካስቸገረ በጎሚስታ ቤት አየር አቧራውን እናስነፋ፤ ቁልፉን ሸክላው ባነሰበት ለስላሳ እርሳስ አጥቁረን፣ አስገብተን፣ በዝግታ ደጋግመን እናዙር። ዘይት የገባበት ከሆነ ግን መጀመሪያ ይጽዳ። በኃይል ማዞር ቁልፉን ሰብሮ ቀዳዳው ውስጥ ያስቀራል።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በቆላ ፀሐይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጡ በግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ለሕፃን ሕይወት አስጊ እስኪሆን ይግላል። በሩ እምቢ ብሎ ሕፃን ውስጥ ከቀረ እርሳስ የምንፈልግበት ጊዜ የለም፤ ከሕፃኑ የራቀውን መስኮት መስበር ነው። እዚያ ላይ ሳይደረስ ግን ዛሬ በእርሳስ የምትጠፋው አምስት ደቂቃ ትበጃለች።